ከሩጫ በፊት ሰውነትን ስለ ማሟሟቅ

(በትምህርት ቤታችን የስፖርት ቀን ዋዜማ በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ነገ ጧት በዚህ ሜዳ ላይ የሩጫ ውድድር ይደረጋል። ከመካከላችን ብዙዎቹ ይሮጣሉ፤ የቀረነውም እናጨበጭባለን። እኔ ግን ዛሬ ስለ ማሸነፍ ለመናገር አልቆምሁም። የምናገረው ሩጫው ከመጀመሩ በፊት ስላሉት አሥራ አምስት ደቂቃዎች ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ዳሩ ግን እኔ ትንሽ ነው ብዬ በመናቄ ያገኘኝን ስትሰሙ፤ ትንሽ አለመሆኑን ትረዱልኛላችሁ ብዬ አምናለሁ።

ባለፈው ዓመት እኔም የ1,500 ሜትር ተወዳዳሪ ነበርሁ። የሶዶን ጧት ሁላችንም እናውቀዋለን። ከዳሞታ የሚወርደው ብርድ ገና ሳይለቅ፤ ከጓደኞቼ ጋር እርጥብ ሣር ላይ ተቀምጬ ስቀልድና ስሥቅ ቆየሁ። አንድ ጓደኛዬ «ተነሥ፤ ጥቂት እንሟሟቅ» ቢለኝ፤ «ጉልበቴን ለውድድሩ አስቀምጣለሁ» ብዬ መለስሁለት። ስሜ ሲጠራ ሹራቤን አውልቄ ወደ መሥመሩ ሄድሁ፤ ፊሽካው ሲነፋም ከሁሉ ቀድሜ ወጣሁ። ሁለተኛውን ዙር ሳልጨርስ ግን የቀኝ እግሬ ባት በድንጋይ የተመታ ያህል ተሰማኝ። የመታኝ ማን እንደ ሆነ ለማየት ዞር አልሁ፤ ከኋላዬ ማንም አልነበረም። የተጐዳው የራሴ ጡንቻ ነበር።

ሁለተኛው ስሕተቴ ከመጀመሪያው የባሰ ነው። አባቴ እንዳይቈጣኝ ፈርቼ ሕመሜን ደበቅሁ፤ ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላኝም «ድኛለሁ» ብዬ ሮጥሁ። ባቴም እንደገና ተጐዳ። ስለዚህ ሁለት ወር ያህል ወደ ትምህርት ቤት የመጣሁት እያነከስሁ ነው። እናቴ ነገሩን ሁሉ በሰማች ጊዜ አልተቈጣችም። «ልጄ፤ ምጣዱ ሳይግል ሊጥ ይፈስሳልን?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። ከዚያ ወዲህ ያነበብሁትና መምህራንን ጠይቄ የተረዳሁት ሁሉ የእናቴን ቃል የሚያጸና ሆኖ አገኘሁት።

እስቲ ምጣዱ የሚግለው እንዴት እንደ ሆነ እንመልከት። ዐርፈን በተቀመጥን ጊዜ ልባችን ከሚረጨው ደም ወደ ጡንቻዎቻችን የሚሄደው ከአምስት እጅ አንዱ ያህል ነው። በብርቱ ስንሮጥ ግን ከአምስት እጅ አራቱ ያህል ወደ ጡንቻዎቹ ይሄዳል። ይህ ለውጥ ፊሽካ ስለ ተነፋ ብቻ በአንድ ጊዜ አይፈጸምም፤ ደቂቃዎችን ይፈልጋል። ደሙ በደረሰ ጊዜ ጡንቻው ይሞቃል፤ የሞቀ ጡንቻም ፈጥኖ ይጨመታል፤ ፈጥኖም ይለቃል። ጅማቱ ይለሰልሳል፤ በጉልበትና በቁርጭምጭሚት መጋጠሚያ ውስጥ ያለው ፈሳሽም እንቅስቃሴውን ያቀልላል። ትንፋሻችንም ቀስ በቀስ ከፍ ይላል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፤ ትንፋሽን ቀድሞ ማዘጋጀት ለእኛ ይበልጡን ይጠቅመናል። ከሁምቦ ወይም ከበሌ ቆላ የመጣችሁ ጓደኞቻችን «አገራችን ሞቃት ነው፤ ይህ አያስፈልገንም» እንዳትሉ። ፀሐይ የምታሞቀው ቆዳን ነው፤ ጡንቻን ለሥራ የሚያዘጋጀው ሥራ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው፤ ገንዘብም ዕቃም አይጠይቅም። መጀመሪያ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ ነው። ቀጥሎ አምስት ደቂቃ ያህል ሶምሶማ መሮጥ ነው። ሶምሶማውም ከጓደኛችሁ ጋር መነጋገር እስከምትችሉ ድረስ የዝግታ ይሁን፤ መናገር ካቃታችሁ ፈጥናችኋል። ከዚህ በኋላ ቁርጭምጭሚትን ማዞር፤ አንዱን እግር ወደ ፊትና ወደ ኋላ አሥር አሥር ጊዜ ማወዛወዝ፤ ጉልበትን ወደ ላይ እያነሡ መራመድ፤ ተረከዝን ወደ መቀመጫ እየመለሱ ቀስ ብሎ መሮጥ፤ እንዲሁም በሰፊው እየተራመዱ ጉልበትን ማጠፍ ይከተላል። በመጨረሻ ከ60 እስከ 80 ሜትር የሚሆን ርቀት ሦስት ወይም አራት ጊዜ መሮጥ ነው፤ እያንዳንዱም ካለፈው ጥቂት ይፍጠን። ይህ ሁሉ ከአሥራ አምስት ደቂቃ አይበልጥም። ሹራባችሁን እስከ መጨረሻው አታውልቁ፤ ከተሟሟቃችሁ በኋላም ሄዳችሁ ሣር ላይ አትቀመጡ፤ ያገኛችሁት ሙቀት ተመልሶ ይጠፋልና።

አንዳንዶቻችን ከሩጫ በፊት ቆመን እግራችንን ለረዥም ጊዜ መለጠጥ ብቻ የሚበቃ ይመስለናል። አይበቃም። ያልሞቀ ጡንቻን ቆሞ መለጠጥ ሕመምን እምብዛም እንደማይከላከል በጥናት ታውቋል። መለጠጡ ደስ ካሰኛችሁ ከሩጫው በኋላ፤ ሰውነታችሁ ሞቆ ሳለ በዝግታ አድርጉት።

አሁን ደግሞ እውነቱን ሁሉ ልናገር ይገባኛል። ማሟሟቅ ጠቃሚ ነው እንጂ የሁሉ በሽታ መድኃኒት አይደለም። ክረምቱን ሙሉ ሳይሮጥ ቆይቶ በመስከረም በአንድ ቀን ከዳሞታ ግርጌ እስከ ከተማው ቁልቁል የሚሮጥ ልጅ፤ የቱንም ያህል ቢሟሟቅ በማግሥቱ ጭኑን ያመዋል። ቁልቁለት የጭን ጡንቻን እየለጠጠ ስለሚያሠራው፤ በውስጡ ያሉት ጥቃቅን ክሮች ይጐዳሉ። ሕመሙም ብዙውን ጊዜ የሚበረታው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ነው። ይህ ሁለቱንም እግር እኩል የሚይዝ ድካም ስለ ሆነ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይለቃል። መከላከያው ርቀቱን በየሳምንቱ ጥቂት በጥቂት መጨመር ነው፤ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባል የለምን?

ነገር ግን ሌላ ዓይነት ሕመም አለ። በአንድ እግር ላይ፤ በአንድ ቦታ ላይ፤ በተለይም አጥንት ላይ በጣት ሲጫኑት የሚያም፤ ሲሟሟቁም የማይለቅ ከሆነ፤ ይህ ሰውነት «አቁም» የሚልበት ድምፅ ነው። ለእኔ ከማሟሟቅ ጥቅሞች ሁሉ ትልቁ ይህ ነው፤ በእነዚያ አሥራ አምስት ደቂቃዎች እግራችን የሚነግረንን ለመስማት ጊዜ እናገኛለን። በፊሽካ ብድግ ብሎ የሚሮጥ ሰው ግን ይህን የሚሰማበት ጊዜ የለውም።

ስለዚህ ነገር ከሻምበል አበበ ቢቂላ የተሻለ አስተማሪ አላገኝም። አበበ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም ከተማ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ አሸነፈ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ደግሞ በቶኪዮ፤ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ጥቂት ሳምንታት በኋላ፤ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ዳግመኛ አሸነፈ። መሥመሩን እንዳለፈም አልተዘረረም፤ በሜዳው ሣር ላይ ሆኖ ሰውነቱን የማፍታታት እንቅስቃሴ ሲያደርግ ተመልካቹ ሁሉ ተደነቀ። ሰውነትን ማሟሟቅና ማፍታታት የደካሞች ሥራ ነው የሚል ቢኖር፤ ይህን ያስታውስ።

ዳሩ ግን ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ከተማ የሆነው ሌላ ነው። ከውድድሩ በፊት የግራ እግሩ አጥንት መሰበሩን ሐኪሞች አግኝተው ነበር። ውድድሩን ቢጀምርም፤ ወደ 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ ሕመሙ ስለ በረታበት አቋርጦ ወጣ። የተሰበረ አጥንትን ማሟሟቅ አይጠግነውም፤ ጀግንነትም አይጠግነውም። በዚያ ቀን ማሞ ወልዴ ሩጫውን ቀጥሎ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ አንደኛ ወጣ፤ የአገራችንም ስም ለሦስተኛ ጊዜ በማራቶን ተጠራ። በዓለም የታወቀው አበበ ማቆሙ ካላሳፈረው፤ እኔ በትምህርት ቤት ሜዳ ላይ «አሞኛል» ለማለት ያፈርሁት ስለ ምንድር ነው?

ጓደኞቼ ሆይ፤ ነገ በማሟሟቅ ላይ ሳላችሁ አንድ ቦታ ለይቶ ካመማችሁ ለመምህራችሁ ንገሩ። በሩጫ መካከል ባታችሁ ድንገት ከተያዘ ቁሙ። ያበጠ ባት ወዲያው አይታሽም፤ መጀመሪያ እግሩን ከፍ አድርጎ ማሳረፍና በቀዝቃዛ ውሃ በተነከረ ጨርቅ መያዝ ይሻላል። ወጌሻ መጥራት የአባቶቻችን ልማድ ነው፤ ሆኖም እግሩን መሬት ላይ ማሳረፍ ያቃተው ልጅ አስቀድሞ በጤና ጣቢያ ይታይ።

መምህሮቻችንን በአክብሮት የምለምነው፤ ነገ ተወዳዳሪዎች ከየውድድሩ ሃያ ደቂቃ አስቀድመው እንዲጠሩልን ነው። ወላጆቻችንን የምለምነው ደግሞ ይህን ነው። ልጃችሁ እያነከሰ ወደ ቤት ሲገባ ከቍጣ በፊት «የት ላይ አመመህ? የት ላይ አመመሽ?» ብላችሁ ጠይቁ። እኔ አባቴን ፈርቼ ሁለት ወር አነከስሁ። በመጨረሻ ደፍሬ በነገርሁት ጊዜ ግን የተናገረኝ ቍጣ አልነበረም፤ «ለምን ቀድመህ አልነገርኸኝም?» ነበር ያለኝ።

እኔም ነገ እሮጣለሁ። አንደኛ ልውጣ ወይም መጨረሻ ልሁን አላውቅም። ነገር ግን በማለዳ ተነሥቼ፤ ሹራቤን ለብሼ፤ በዚያ ማዶ ባለው ጥግ ሶምሶማ ስሮጥ ታገኙኛላችሁ። የሚወድ ሁሉ ይምጣና አብረን እንሟሟቅ።