«አንቺ እኮ ትረሺያለሽ»



የዛሬውን ንግግር የምንጀምረው ከራሳችን ጥፋት ነው። ታሪኩን የምንናገረው በባለቤቷ ፈቃድ ነው።

ከመካከላችን አንዷ እህት ለዕቁብ ያስቀመጠችው ብር በየጊዜው ይጎድልባት ነበር። ባሏን ስትጠይቀው፣ ድምፁን እንኳ ሳያሰማ፣ «አንቺ እኮ ትረሺያለሽ፤ ራስሽ አውጥተሽው ነው» ይላታል። በእንግዳ ፊት ደግሞ «ይቺ ሴት እኔ ባልኖር ምን ይውጣት ነበር?» እያለ ይስቃል። እኛም ቡናችንን እየጠጣን አብረን ስቀናል። ሽማግሌ የላክነውም እኛው ነን፤ እነሱም «አይመታሽ፣ አይሰክር፤ ቻይው» ብለዋት ተመለሱ። እሷ ግን አእምሮዬ ታሟል ብላ ጸበል ገብታ ነበር።

እንግሊዛዊው ፓትሪክ ሃሚልተን በ1938 እ.ኤ.አ. «ጋዝ ላይት» የተባለ ተውኔት ጽፏል። ባል ዕቃ ራሱ እየደበቀ «አንቺ አጠፋሽው» በማለት ሚስቱን አብጃለሁ ብላ እንድታምን ሊያደርጋት ይሞክራል። ፈረንጆች ድርጊቱን እስከ ዛሬ በዚሁ ስም ይጠሩታል። እኛ ስም አላወጣንለትም እንጂ ነገሩን እናውቀዋለን።

መርሳት ሁላችንም እንረሳለን፤ ባልና ሚስትም ይጣላል። ነገር ግን በጠቡ ማብቂያ ይቅርታ የምትጠይቂው ዘወትር አንቺ ከሆንሽ፣ እናትሽ ቤት መሄድ እየቀረ ከመጣ፣ ያየሽውን ለመናገር ምስክር የምትፈልጊ ከሆነ፣ ቆም ብለሽ አስቢ። (ይህን የሚያደርገው ባል ብቻ አይደለም። አማትም ታደርገዋለች፤ እኛም በልጆቻችን ላይ።)

ያቺ እህት ምን አደረገች? ክርክሩን ተወችው። ብር በምታስቀምጥበት ቀን ከእህቷ ጋር ቆጥራ ቀኑንና መጠኑን በደብተር መጻፍ ጀመረች፤ ደብተሩም በእህቷ ቤት ይቀመጣል። ሁለት ወር ጽፋ ስናነበው፣ የጎደለው ብር እንጂ የእሷ ልብ አልነበረም።

ሕጉንም አብረን ጠየቅን። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በትዳር ውስጥ የተገኘ ገቢ የሁለቱም መሆኑንና የጋራ ሀብት በጋራ እንደሚተዳደር ይደነግጋል። ገቢዋን በስሟ ባንክ ማስቀመጥም አይከለክላትም። በክልል ያላችሁ የክልላችሁን የቤተሰብ ሕግ ጠይቁ።

ፍቺ ጠይቂ አላልናትም፤ ቻይው ማለትንም ትተናል። ውሳኔው የእሷ ነው፤ እስካሁንም አልወሰነችም። ደብተሩ ግን ሦስተኛው ላይ ደርሷል።