አኀዝ እንዲታመን፣ ማስረጃም እንዲሰማ



መሐንዲስ በጉባዔ ፊት ቆሞ አሳቡን ሲያስረዳ ከሁሉ አስቀድሞ የሚመካው በአኀዝ ነው። አኀዝ ግን እንደ ምስክር ነው። ምስክር ያየውን ሁሉ ሳይሸሽግ፣ ሰሚውም በሚገባው ቃል ካልተናገረ ፍርድ ይጣመማል። ስለዚህ ስታቲስቲክስን በአደባባይ ክርክር የሚያቀርብ ሰው ሁለት ግዴታዎች አሉበት፤ አንደኛው እውነቱን ሳያጓድል መናገር፣ ሁለተኛው ሰሚውን ማሳመን ነው። ብዙዎች እነዚህ ሁለቱ የሚጋጩ ይመስላቸዋል። ማሳመን የነጋዴና የጠበቃ ሥራ ነው፣ የመሐንዲስ ድርሻ ቁጥሩን አስቀምጦ መሄድ ነው የሚሉም አሉ። የሚከተለው ታሪክ ይህ አስተያየት ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ያሳያል።

ጥር 20 ቀን 1978 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 28 ቀን 1986) ቻሌንጀር የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ከፍሎሪዳ በተነሣች በ73ኛው ሴኮንድ በሰማይ ላይ ተበታተነች። በውስጧ የነበሩት ሰባት ሰዎችም አለቁ። የአደጋው ምክንያት በቀኙ ሮኬት መጋጠሚያ ላይ የነበረው የላስቲክ ቀለበት የጋለውን ጋዝ አግዶ ማስቀረት አለመቻሉ ነበር። ላስቲክ በብርድ ጊዜ እንደሚጠነክርና ፈጥኖ ወደ ቅርጹ እንደማይመለስ ለመሐንዲሶች እንግዳ ነገር አይደለም።

ከሁሉ የሚያሳዝነው አደጋው ያልተጠረጠረ አለመሆኑ ነው። በዋዜማው ምሽት ሮኬቱን የሠራው የሞርተን ታዮኮል ኩባንያ መሐንዲሶች፣ ከእነርሱም መካከል ሮጀር ቦይስጆሊ፣ በስልክ በተደረገው ስብሰባ ላይ የመጋጠሚያው ሙቀት ከ12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ከሆነ መንኮራኩሯ እንዳትነሣ አሳሰቡ። ይህ ቁጥር እስከዚያ ቀን ከተደረጉት በረራዎች በእጅጉ በቀዘቀዘው ላይ የተገኘ ልክ ነበር። ለማግሥቱ ጧት የተገመተው ግን ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ያህል ነበር።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ ማስረጃው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ የተዘጋጀ ነበር። የቀለበቶቹ ጉዳት በአንድ ገጽ፣ ሙቀቱ በሌላ ገጽ ተጻፈ። ለንጽጽር ጎልተው የወጡትም ጋዝ ያመለጠባቸው ሁለት በረራዎች ነበሩ፤ አንደኛው በ12፣ ሁለተኛው በ24 ዲግሪ የተደረገ። በብርድም በሙቀትም ጉዳት ከደረሰ፣ ጥፋቱ የብርዱ ነው ለማለት ምን ማስረጃ አለ? የሚለው ጥያቄ ወዲያው ተነሣ። የናሳ ኃላፊዎች ምክሩን ተቃወሙ። የኩባንያው ሹማምንትም የአምስት ደቂቃ ፋታ ጠይቀው፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ለብቻቸው ከመከሩ በኋላ፣ የመሐንዲሶቻቸውን ቃል ሽረው በረራውን ፈቀዱ።

ከአደጋው በኋላ ጉዳዩን የመረመረው የሮጀርስ ኮሚሽን ያደረገው ነገር እጅግ ቀላል ነበር። ጉዳት የደረሰባቸውን ሰባት በረራዎች ብቻ በግራፍ ላይ ሲያሰፍር፣ ነጥቦቹ ከ12 እስከ 24 ዲግሪ ተበትነው ምንም ሥርዓት አልታየባቸውም። ጉዳት ያልደረሰባቸው ሲጨመሩ ግን ምስሉ ፈጽሞ ተለወጠ። በ19 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከተደረጉት 20 በረራዎች ቀለበታቸው የተጎዳው 3 ብቻ ነበሩ። በ17 ዲግሪና ከዚያ በታች ከተደረጉት 4 በረራዎች ግን አራቱም ተጎድተዋል።

እንግዲህ ትልቁን ምስክርነት የያዙት በደኅና የተመለሱት፣ ማንም ያላስታወሳቸው በረራዎች ነበሩ። የተሰነጠቀውን ምሰሶ ብቻ የሚቆጥር መሐንዲስ ስንጥቁ ከምን እንደመጣ ሊያውቅ አይችልም፤ ያልተሰነጠቀውንም መቁጠር አለበት።

ይሁን እንጂ ፍርዱ በመሐንዲሶቹ ላይ ብቻ እንዳይወድቅ ያስፈልጋል። የበረራዎቹ ሁሉ ሙቀት መዝገብ በዚያች ሌሊት በእጃቸው እንዳልነበረ ቦይስጆሊና ሌሎች ከዓመታት በኋላ በጽሑፍ ተከራክረዋል። ከዚህም በላይ የማስረዳት ሸክሙ ተገልብጦ ነበር። መንኮራኩሯ በደኅና ለመብረሯ ማስረጃ መጠየቅ ሲገባ፣ እንደምትጠፋ እንዲያረጋግጡ ተጠየቁ። አራት በረራዎች ለእርግጠኝነት እንደማይበቁ፣ ከ12 ዲግሪ በታችም አንድም በረራ እንዳልነበረ የታወቀ ነው። ትክክለኛው አነጋገር «በእርግጥ ትፈነዳለች» የሚል ሳይሆን፣ «ብርዱ በጨመረ ቁጥር ጉዳቱ ጨምሯል፤ ነገ የሚደረገው ደግሞ ከተሞከረው ሁሉ ውጭ ነው» የሚል ይሆን ነበር። ይህ አነጋገር የእውቀቱን ወሰን አይሸሽግም፤ ከማስፈራራትም ይልቅ የበረታ ነው።

ማሳመንና እውነት አብረው እንደሚሄዱ ፍሎረንስ ናይቲንጌል ቀደም ብላ አሳይታ ነበር። በ1858 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ሥዕላዊ መግለጫ፣ በክሪሚያ ጦርነት ከእንግሊዝ ወታደሮች የሚበልጡት ያለቁት በቁስል ሳይሆን መከላከል በሚቻል በሽታ እንደነበር አንባቢ በአንድ እይታ እንዲረዳ አደረገች። እንዲህ ያለ ሥዕል ግን ጥንቃቄ ይሻል። ቁጥሩ እጥፍ ሲሆን የክቡ ሬዲየስ እጥፍ ሆኖ ቢሳል ስፋቱ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ዓይንም ይታለላል።

በአገራችንም ስለ ድልድይ፣ ስለ መንገድ ወይም ስለ ውኃ በሚደረግ ክርክር ላይ ይኸው ግዴታ አለ። በበጋ የሚደርቅና በክረምት ሞልቶ የሚፈስ ወንዝ የዓመት አማካይ ቢነገረው ሰሚ ወንዙን አላወቀም፤ ድልድዩን የሚወስደው አማካዩ ሳይሆን ጎርፉ ነውና። ስለዚህ ቁጥር የሚያቀርብ ሰው ከስንት ስንቱ እንደሆነ ይናገር፤ ምክንያቱንና ውጤቱን በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ያኑር፤ አሳቡን የሚቃወመውን ቁጥር ባላጋራው ከማንሣቱ በፊት ራሱ ያንሣ፤ የማያውቀውንም አላውቅም ይበል።

ክቡራን ባልደረቦች፤ የሐሰት አኀዝ ሰው እንደሚጎዳ ሁሉም ያውቃል። በቅጡ ያልተነገረ እውነተኛ አኀዝም ሰው ሊያስገድል እንደሚችል ግን የቻሌንጀር ሰባት ሰዎች ይመሰክራሉ።