በሌላ ሰው ፊልም ውስጥ መታየት
ስለ ዘውዲ አርአያ የኢጣልያ ሲኒማ ሥራ በኦቶና ለተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ የተነበበ ንግግር



ዛሬ እንድንናገርበት የመረጥነው ርእስ ሲኒማ ነው። ብዙዎቻችን ሲኒማን የዕረፍት ሰዓት ማሳለፊያ እንጂ የተማሪዎች ማኅበር ሊወያይበት የሚገባ ቁም ነገር አድርገን አንቆጥረውም። ይሁን እንጂ አንድ ሕዝብ ሌላውን ሕዝብ በምን ዓይን እንደሚያየው ማወቅ የሚፈልግ ሰው ከሕዝብ ፊልም ብዙ ሊማር ይችላል። መጽሐፍ የሚጽፍ ሰው ብቻውን ያስባል፤ ፊልም ሠሪ ግን ትኬት የሚገዛው ሺህ ሰው ምን እንደሚወድ አስቀድሞ መገመት አለበትና፣ በፊልሙ ውስጥ የምናየው የእርሱን ሐሳብ ብቻ ሳይሆን የገዢዎቹንም ሐሳብ ነው። ስለዚህ የአንዲት ተዋናይት ሥራ መነሻ አድርገን፣ እኛንም የሚመለከት አንድ ጥያቄ ለማንሳት አስበናል። የፊልሞቹን ዓመት በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የአገራችንን ታሪክ ግን በዓመተ ምሕረት እንጠቅሳለን።

በመጀመሪያ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። በ1929 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር ይህችን የሶዶን ከተማ ያዘ። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ሙሶሊኒ በሮም ከተማ ቺኔቺታ የተባለውን ታላቅ የፊልም ማምረቻ መርቆ ከፈተ። ሁለቱ ነገሮች የተገጣጠሙት በአጋጣሚ ብቻ አይደለም። ፋሺስቶች ሲኒማን እንደ አንድ የጦር መሣሪያ ይቆጥሩት ነበርና፣ አገር መያዝና የተያዘውን አገር በፊልም ማሳየት ጎን ለጎን የሚሄዱ ሥራዎች ነበሩ። በ1938 «ሉቻኖ ሴራ ፒሎታ» የተባለው ፊልም ወጣ። ዲሬክተሩ ጎፍሬዶ አሌሳንድሪኒ፣ ዋናው ተዋናይ አሜዴዎ ናዛሪ፣ የሥራው የበላይ ተቆጣጣሪ ደግሞ የሙሶሊኒ ልጅ ቪቶሪዮ ነበር። አንድ ኢጣልያዊ አውሮፕላን ነጂ በኢትዮጵያ ጦርነት ልጁን አድኖ ሲሞት የሚያሳይ ታሪክ ነው። በዚህ ፊልም ውስጥ ኢትዮጵያውያን አሉ፤ ነገር ግን ስም የላቸውም፤ ከኮረብታ እየወረዱ የሚተኩሱ ብዙ ሰዎች ናቸው። ፊልሙ በዚያው ዓመት በቬኒስ በዓል የሙሶሊኒ ዋንጫ የተባለውን ሽልማት አገኘ። በማግሥቱ ዓመት በ1939 ያንኑ ዋንጫ የወሰደው «አቡነ መሲያስ» የተባለው የዚያው ዲሬክተር ፊልም ነው፤ እርሱም በአገራችን ስለነበሩት ስለ ሚሲዮናዊው ካርዲናል ማሳያ የሚናገር ነው። በፊልሙ ውስጥ ምኒልክን ሆኖ የተጫወተው ኤንሪኮ ግሎሪ የተባለ ኢጣልያዊ ነበር።

እንግዲህ የዚያ ዘመን ሲኒማ ሕግ ግልጽ ነበር ማለት ነው። ኢትዮጵያዊው ብዛት ሲያስፈልግ ይጠራል፤ የሚናገርና የሚወስን ሰው ሲያስፈልግ ግን ኢጣልያዊ ፊቱን ቀብቶ ይገባል።

ጦርነቱ አለቀ፤ በግንቦት 1933 ዓ.ም. ሶዶም ከኢጣልያ እጅ ወጣች። የኢጣልያ ሲኒማም ተለወጠ። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ሮም በዓለም ላይ ብዙ ፊልም ከሚመረትባቸው ከተሞች አንዷ ሆነች። አሠራሩም እንደ ገበያ ነበር። አንድ ፊልም ገንዘብ ካመጣ በዚያው ዓይነት ሌሎች ብዙ ፊልሞች በችኮላ ይሠራሉ፤ ሕዝቡ ሲሰለች ወደ ሌላ ዓይነት ይዛወራሉ። በመጀመሪያ የጥንት ጀግኖች ታሪክ፣ ቀጥሎ በእኛም አገር ሲኒማ ቤቶች የታወቀው የኢጣልያ የካውቦይ ፊልም፣ ከዚያም የነፍሰ ገዳይ ምስጢርና የፖሊስ ፊልም እየተከታተሉ መጡ። ለእነዚህ ፊልሞች ከየአገሩ ተዋናዮች ይመጡ ነበር። ድምፅ በአብዛኛው የሚገባው ፊልሙ ከተነሣ በኋላ በስቱዲዮ ስለነበረ፣ ተዋናዩ ኢጣልያንኛ ባይችልም ችግር አልነበረም፤ ሌላ ሰው ይናገርለታል።

በዚህ ገበያ ውስጥ ነው ዘውዲ አርአያ የገባችው። የተወለደችው በ1951 በኤርትራ፣ በደቀምሐረ ከተማ ነው። ኤርትራ በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ አስተዳደር ሥር ነበረች፤ በ1952 ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ተቀላቀለች፤ በ1962 ፌዴሬሽኑ ፈርሶ ጠቅላይ ግዛት ተባለች፤ በ1993 ራሷን የቻለች መንግሥት ሆነች። ስለዚህ ዘውዲን የእኛ ብቻ ናት ብለን ልንወስዳት አይገባንም። ወደ ኢጣልያ በሄደችበት ጊዜ ግን ሁለቱ አገሮች በአንድ መንግሥት ሥር ነበሩና፣ የእርሷ ታሪክ ለእኛም ትምህርት ሊሆን ይችላል። በአገሯ በቁንጅና ውድድር አሸናፊ ነበረች፤ በኢጣልያም ለቡና ማስታወቂያ ስትሠራ በሲኒማ ሰዎች ዓይን ገባች።

ሉዊጂ ስካቲኒ የተባለው ዲሬክተር በ1972 «የጨረቃ ቆዳ ያላት ልጅ» በተባለው ፊልም ዋናውን ሴት ክፍል ሰጣት። ታሪኩ የሚፈጸመው በሲሼልስ ደሴቶች ነው፤ ትዳራቸው የቀዘቀዘ ኢጣልያዊ ባልና ሚስት ለዕረፍት ይሄዳሉ፣ ባልየው የደሴቲቱን ልጅ ይወዳል። ፊልሙ ብዙ ገንዘብ ስላስገባ፣ በገበያው ሕግ መሠረት ተከታዮቹ ቶሎ ቶሎ መጡ። በ1973 «ላ ራጋሳ ፉዎሪስትራዳ»፣ በ1974 በካሪቢያን ደሴት የሚፈጸመው «ገላ» እና «ላ ፕሬዳ»፣ በ1975 «ኃጢአተኛዋ» ወጡ። በ1976 የ«ጃንጎ» ፊልም ዲሬክተር ሰርጂዮ ኮርቡቺ የሮቢንሰን ክሩሶን ታሪክ ወደ ቀልድ ለውጦ ሲሠራ፣ ፓዎሎ ቪላጂዮ ሮቢንሰንን፣ ዘውዲ ደግሞ «ቬኔርዲ» ማለትም «ዓርብ» የተባለችውን የደሴት ሴት ሆና ተጫወተች። በ1979 በዚያው በኮርቡቺ «ጃሎ ናፖሌታኖ» ፊልም ውስጥ ከማርቼሎ ማስትሮያኒ ጋር ሠራች።

እስቲ ይህንን ዝርዝር ልብ ብለን እንመልከተው። በደቀምሐረ የተወለደች፣ ከተማ ያደገች ሴት በፊልም ውስጥ አንድ ጊዜ የሲሼልስ፣ አንድ ጊዜ የካሪቢያን፣ አንድ ጊዜ ካርታ ላይ የሌለ ደሴት ልጅ ናት። ለፊልሙ ገዢ ልዩነት አልነበረውም። ከእርሷ የሚፈለገው ከየት እንደመጣች ማወቅ አልነበረም፤ ሩቅ መሆኗ ብቻ በቂ ነበር። በአብዛኛዎቹም ፊልሞች ካሜራው የሚያተኩረው በገላዋ ላይ እንጂ በሐሳቧ ላይ አይደለም።

አሁን ከሌሎቹ የውጭ አገር ተዋናዮች ጋር እናወዳድራት። በ«ላ ራጋሳ ፉዎሪስትራዳ» ከእርሷ ጋር የተጫወተው ሉክ መረንዳ ፈረንሳዊ ነው። በፊልሙ ውስጥ ግን ጥቁር ሚስት አግብቶ ወደ አገሩ ከተማ የሚያመጣ ኢጣልያዊ ጋዜጠኛ ነው፤ የከተማው ሰውም የሚጠቋቆመው በእርሷ ላይ ነው። በዚያው ዓመት ይኸው መረንዳ በሌላ ፊልም የሚላኖ ፖሊስ መኮንን ሆነ፤ ፈረንሳዊ ነህና አይሆንም ያለው የለም። በሃቫና ከተማ በኩባ የተወለደው ቶማስ ሚሊያን ከዚህም አልፎ በሮም ሰፈር ቋንቋ የሚቀልድ የሮም ሌባ ሆኖ በሕዝቡ ዘንድ እጅግ ተወደደ፤ ድምፁ የፌሩቾ አመንዶላ ነበር። ሮማውያንም የእኛ ልጅ አሉት። እንግዲህ ድምፅን ከስቱዲዮ መበደር ለሁሉም የተፈቀደ ከሆነ፣ ዘውዲንስ የሚላኖ ሐኪም ወይም የሮም መምህርት አድርጎ ማሳየት ምን ይከለክል ነበር? የሚከለክለው ቋንቋ አልነበረም። ፈረንሳዊውና ኩባዊው ኢጣልያዊ መሆን ይችላሉ፤ ከቅኝ ግዛት የመጣችው ግን እንግዳ ሆና መቅረት አለባት የሚል ያልተጻፈ ሕግ ነበር እንጂ።

እርግጥ ነው፣ ከ1938 ጋር ስናስተያየው አንድ እርምጃ አለ። የዘውዲ ስም በማስታወቂያው ላይ በትልቁ ይጻፍ ነበር። ስም ከሌለው ብዛት ወጥቶ ስም ያለው ሰው መሆን ቀላል ነገር አይደለም። በ1974 ፒየር ፓዎሎ ፓዞሊኒ «የሺህ አንድ ሌሊት አበባ» የተባለውን ፊልም ከሌሎች አገሮች ጋር በኤርትራም ሲያነሣ፣ ኤርትራዊ ትውልድ ያላት ኢነስ ፔሌግሪኒ ዙሙሩድ የተባለችውን ብልህ ባሪያ ሆና ተጫውታለች፤ ዙሙሩድም በታሪኩ ውስጥ ወንድ መስላ ንጉሥ እስከ መሆን ትደርሳለች። ነገር ግን ይህችው ተዋናይት በማግሥቱ ዓመት በፓዞሊኒ «ሳሎ» ውስጥ የምትታየው አገልጋይ ሆና ነው።

ጓደኞቻችን ስለዚህ ነገር በሁለት ወገን ተከፍለው ሲከራከሩ ሰምተናል። አንዱ ወገን «ከእኛ አካባቢ ወጥታ ከማስትሮያኒ ጋር መሥራቷ ክብር ነው» ይላል። ሁለተኛው ወገን «ገላን ለባዕድ ዓይን ማቅረብ ነውር ነው» ይላል። በእኛ አስተያየት ሁለቱም ጥያቄውን በተሳሳተ ቦታ ይፈልጉታል። የመጀመሪያው ዝናን ብቻ ያያል። ሁለተኛው ደግሞ ፊልሙን የጻፈውን፣ ገንዘብ ያወጣውንና ትኬት የገዛውን ሁሉ ትቶ የሃያ አንድ ዓመት ልጅን ብቻ ይወቅሳል። ሊጠየቅ የሚገባው የተዋናይቱ ጠባይ ሳይሆን፣ ታሪኩን የጻፈው ማን ነው፣ ገንዘቡስ በማን እጅ ነበር የሚለው ነው።

ይህንንም ከሁላችን ይልቅ እርሷ ራሷ የተረዳችው ይመስለናል። «አማርኮርድ» እና «ሲኒማ ፓራዲዞ» የተባሉትን ፊልሞች በፕሮዲዩሰርነት ያወጣው ፍራንኮ ክሪስታልዲ ባለቤቷ ነበር። እርሱ በ1992 ከሞተ በኋላ ዘውዲ ራሷ በፕሮዲዩሰርነት ሠርታለች። ስለ እርሷ ሲወራ የሚነሣው የ1972ቱ ፊልም ነው፤ ለእኛ ግን የበለጠ ሊነገር የሚገባው ይህ ሁለተኛው ሥራዋ ነው። ተዋናይ የተሰጠውን ይጫወታል፤ ምን ይሠራ ብሎ የሚወስን ግን ፕሮዲዩሰር ነው።

የሁለተኛውን መንገድ ውጤት የሚያሳይ ሌላ ምሳሌ አለን። በጎንደር የተወለደው ኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» የተባለውን ፊልም በ2008 ወደ ቬኒስ ወስዶ የዳኞች ልዩ ሽልማትንና የምርጥ ድርሰት ሽልማትን ተቀበለ። «ሉቻኖ ሴራ» ዋንጫ ካገኘ ከ70 ዓመት በኋላ፣ በዚያው በዓል ላይ ኢትዮጵያዊ የጻፈውና ኢትዮጵያውያን በገዛ ቋንቋቸው የሚናገሩበት ፊልም ተሸለመ ማለት ነው። በ70 ዓመት ውስጥ የተለወጠው የኢትዮጵያውያን መልክ አይደለም፤ ብዕሩን የያዘው እጅ ነው።

ክቡራን መምህሮቻችን፤ እስካሁን የተናገርነው ስለ ኢጣልያኖች ነው፤ በሌላ ሰው መፍረድም ቀላል ነው። ነገር ግን በዚህ በወላይታ ምድር ተቀምጠን አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ ንግግራችን ግማሽ ይሆናል። በገዛ አገራችን የአማርኛ ፊልሞችና ቀልዶች ውስጥ የደቡብ ሰው አነጋገር ለማሳቂያ ብቻ ሲገባ አላየንምን? የጊፋታ ጭፈራ ለማስታወቂያ ሲነሣ፣ የጨፋሪዎቹ ስም ሳይጻፍ፣ ምን እያሉ እንደሚዘፍኑም ሳይተረጎም አላለፈምን? የስካቲኒ ካሜራ በሲሼልስ ያደረገውን የእኛው ካሜራ በዳሞታ ተራራ ሥር ቢያደርገው ስሙ አይለወጥም። የካዎ ጦና ታሪክ ወደ ፊት በፊልም ቢሠራ፣ ወላይታዎች ከኮረብታ የሚወርዱ ስም የሌላቸው ብዙ ሰዎች ይሆናሉ ወይስ የሚመክሩና የሚወስኑ ሰዎች? ይህ ጥያቄ ከሮም ሳይሆን ከእኛ መልስ ይጠብቃል።

ስለዚህ በማኅበራችን ውስጥ ቲያትርና አጫጭር ፊልም ለመሥራት ለተነሡት ጓደኞቻችን ሦስት ነገሮችን እናሳስባለን። አንደኛ፣ በፊልም ውስጥ የታየ ሰው ሁሉ፣ አንዲት ቃል ብቻ የተናገረም ቢሆን፣ ስሙ በመጨረሻው ዝርዝር ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ስለ አንድ አገር የሚሠራ ድርሰት ከዚያ አገር ሰው ጋር ይጻፍ፤ ወላይትኛ የሚናገር ሰውም በወላይትኛ ይናገር፣ ትርጉሙ ከሥር ይከተል። ሦስተኛ፣ የተሠራው ሥራ አንድ ቅጂ በቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ፤ ከእኛ በኋላ የሚመጡት እንዴት እንዳየናቸው ይመርምሩን።

ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ካሜራውን ከማንሣታችን በፊት «ይህን ሰው ማን ብዬ ልጥራው?» ብለን መጠየቅን ነው። የተቃወመን ሰው ካለ ተነሥቶ እንዲከራከረን መድረኩን እንለቃለን።