ከማን አየን? ለማንስ አሳየን?

(በሰፈራችን ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልንነጋገርበት የፈለግነው ስለ አርአያ ነው። አርአያ ሲባል አብዛኞቻችን ዓይናችንን አሻግረን ሩቅ እንልካለን። ለምሳሌ አበበ ቢቂላ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም በባዶ እግሩ ሮጦ ማሸነፉን የማያውቅ የለም። ይሁን እንጂ እሱም ቢሆን ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ከአጠገቡ ነበሩ። በጥቅምት 1961 ዓ.ም. ደግሞ በሜክሲኮ አበበ በጉዳት ምክንያት ውድድሩን ሲያቋርጥ፣ ድሉን ያመጣው አብሮት የሮጠው ማሞ ወልዴ ነው። የአበበን ዝና በራዲዮ የሰማ ስንት ሺህ ሰው ነበር፤ ከጎኑ ሆኖ የሮጠው ግን ጥቂት ነው። እኛም ልንል የፈለግነው ይህንኑ ነው፤ አርአያ ከሩቅ ሲያደንቁት ደስ ይላል፣ ሙያ የሚገኘው ግን ከአጠገቡ ሲቆሙ ነው።

ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ከፎገራ ሜዳ መውጣት አያስፈልገንም። ርብና ጉማራ በሐምሌና በነሐሴ ሞልተው ሲወጡ ሜዳው ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ቀደም ባለው ጊዜ ገበሬው ውኃው እስኪሸሽ ጠብቆ በቀረው እርጥበት ጓያና ሽንብራ ይዘራ ነበር፤ የቀረው መሬት የፎገራ ከብት መሰማሪያ ነው። በ1970ዎቹ ዓ.ም. የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እየረዱ፣ በጎረቤታችን በደራ ወረዳ በጅግና፣ በእኛም ወረዳ በሻጋ፣ በገበሬዎች አምራቾች የኅብረት ሥራ ማኅበራት ሩዝ መዘራት ጀመረ። ያን ያህል አገር ያጥለቀልቅ የነበረ ውኃ ለእህል ዋለ ማለት ነው!

ባለሙያዎቹ ሄዱ፣ ማኅበራቱም ዘመናቸው አለፈ። ሩዙ ግን ቀረ። ለምን ቀረ? ጎረቤት የጎረቤቱን ማሳ አይቶ ነው። ዘሩ ከገበሬ ወደ ገበሬ ሲዘዋወር ኖረ። ደግሞ ሩዝ በወሬ የሚለመድ እህል አይደለም። ቡቃያውን ከአረሙ ለይቶ ለመንቀል ጭቃው ውስጥ ገብቶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ «ይኸኛው ነው፣ ያኛው አይደለም» የሚል ሰው ያስፈልጋል። ሴቶቻችንም ከጤፍ ጋር ምን ያህል እንደሚደባለቅ፣ እንጀራው እንዳይደርቅ ምን እንደሚደረግ እርስ በርስ ተያይተው ነው የለመዱት እንጂ ጽሑፍ አንብበው አይደለም። ዛሬ በከተማችን የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አለን፤ ብዙ ከተዘራው ዝርያ አንዱ እስካሁን «ኤክስ ጅግና» ተብሎ ይጠራል። የመጀመሪያዎቹ ገበሬዎች ስም ባይነሳም የቀበሌያቸው ስም በዘሩ ላይ ቀርቷል።

በ1971 ዓ.ም. የተጀመረውን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም የምታስታውሱ አላችሁ። ልጅ አያቱን ፊደል ያስቆጥር ነበር። አስተማሪ ለመሆን የግድ ሽበት አያስፈልግም ለማለት ያህል ነው።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ፤ ነገሩ የሚከብደውም እዚህ ላይ ነው። አንድ የሰፈራችን ልጅ፣ ስሙን አንጠራም፣ በአንድ የሩዝ መፈልፈያ ቤት ሁለት ዓመት ጆንያ ተሸከመ። ጆሮው ማሽኑ ላይ ነበር። ድምፁ ሲለወጥ ያውቃል። አንድ ቀን «ጋሼ፣ ይህንን ብሎን ለምን አላሉት?» ብሎ ቢጠይቅ «አንተ ጆንያህን ተሸከም» ተባለ። አንዴ አይደለም፣ ስንት ጊዜ! በመጨረሻ ሰሊጥ ሊያጭድ ወደ መተማ ወረደ። ጥፋቱን በባለ ማሽኑ ላይ ብቻ መጣል ይቀልለን ነበር። ነገር ግን ሁላችንም እህላችንን ልናስፈለፍል እዚያ ቆመን አይተነዋል፣ ሰምተነዋል፤ «ኧረ አሳየው» ያለ አንድ ሰው ከመካከላችን አልተገኘም።

ሙያ ብናሳይ ገበያችንን ይወስድብናል ብለን የምንፈራ አለን። ፍርሃቱ ውሸት ነው አንልም፤ ሁሉም እንጀራ ፈላጊ ነው። ግን በዚሁ ሰፈር አንዲት ልብስ ሰፊ እናት አሉ። ለጎረቤታቸው ልጅ መጀመሪያ የሰጧት መቀስ አይደለም፤ ሳጥናቸውን ከፍተው በወጣትነታቸው አበላሽተው የከፈሉበትን ቀሚስ አወጡና «ክንዱ ላይ እንዴት እንደሳትሁ እይው» አሏት። ዛሬ በዓል ሲደርስ ሥራው ሲበዛባቸው ግማሹን ለእሷ ያስተላልፋሉ። የተበላሸውን ቀሚስ እስካሁን አልጣሉትም፤ እኛም አይተነዋል።

እንግዲህ ማኅበሩ የወሰነው የሚከተለውን ነው። ሙያ ያላችሁ፣ ግንበኛም ሁኑ መካኒክ፣ ልብስ ሰፊም ሁኑ ጡረታ የወጣችሁ መምህራን፣ አንድ አንድ ልጅ ከአጠገባችሁ ለማቆም ፈቃደኛ ከሆናችሁ ለጸሐፊያችን በቃል ንገሩ፤ ማመልከቻ አያስፈልግም። በሳምንት ስንት ሰዓት እንደምትችሉ ግን እውነቱን ተናገሩ፤ ለይሉኝታ ተብሎ ተመዝግቦ የሚጠፋ ሰው ልጁን ያስቀይማል። ወላጆችም ሴት ልጆቻችሁን አትርሱ፤ ማሽን መጠገን ለወንድ ብቻ ነው ያለ ሕግ የለም።

መተማ የወረደው ልጅ ለገና እንደሚመጣ እናቱ ነግረውናል። ስሙን በመዝገቡ ላይ አስቀድመን ጽፈነዋል፤ ከጎኑ ያለው የአስተማሪ ቦታ ግን ገና ባዶ ነው።