ንግድ ምክር ቤት የማን ነው?



ንግድ ምክር ቤት ሲባል ለብዙዎቻችን የሀብታሞች ማኅበር ይመስለናል። በ1939 ዓ.ም. የተቋቋመው የአዲስ አበባው ምክር ቤት ግን የነጋዴውን ችግር ለመንግሥት ያቀርባል፤ በውል የተጣሉትንም ያለ ፍርድ ቤት በግልግል ይዳኛል።

እኛስ? የዓለም አቀፉ የፋይናንስ ኮርፖሬሽን እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ጥናት በካኩማ ከ2,000 በላይ የንግድ ቤቶች እንዳሉ ተገልጿል። ሆኖም ስኳርና ዱቄት ስናስመጣ የመኪና ኪራይ የምንከፍለው ለየብቻችን ነው። በዱቤ ምክንያትም ጎረቤት ከጎረቤት ይቀያየማል።

ስለዚህ ኮሚቴ እንምረጥ። ዕቃ በአንድነት ያስጭን፤ የዱቤ ጠብ ይዳኝ፤ ስለ ንግድ ፈቃድ ክፍያም ከቱርካና አስተዳደር ጋር ይነጋገር። በጉሊት ቲማቲም የምትሸጠዋ እናትም እንደ ባለ ሱቁ እኩል ድምፅ ይኑራት።