የማይታይ ቁስል

ወገኖቻችን! የተሰበረ እግር ሲታሰር ሁላችንም እናያለን። የአንጎል ጉዳት ግን ለዓይን አይታይም።

በመንደራችን አንድ ጎልማሳ ከዛፍ ወድቆ ጭንቅላቱን ተመታ። ቁስሉ ደረቀ። እርሱ ግን ይረሳል፤ ቶሎ ይደክመዋል፤ ጫጫታ ያመዋል። እኛም «ሰነፈ» አልነው። ስንጮህበት ይንቀጠቀጥ ነበር። ለካ በልጅነቱ በሰው ቤት ከብት ሲጠብቅ በዱላ ነው ያደገው! ጩኸታችን ያንን ፍርሃት ይቀሰቅስበት ኖሯል። ይኸው እንግዲህ፣ ሁለት ቁስል ተሸክሟል ማለት ነው።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ስታስረዳን አፈርን። ከዚያ ወዲህ ሥራ የምንነግረው አንድ በአንድ ነው። ሲደክመው ያርፋል። ስለ ልጅነቱ ማውራት ሲፈልግ እናዳምጠዋለን፤ ካልፈለገ አናስገድደውም። ብዙ ወራት ፈጀ። ዛሬም አንዳንዴ ይረሳል፤ ዘንድሮ ግን በሬዎቹን ራሱ ጠምዶ አረሰ።

ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ካንፈራገጠው፣ ራስ ምታቱ ከባሰበት ወይም ከእንቅልፉ አልነቃ ካለ፣ ሳንዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰደው። ልጆቻችንንም በዱላ አናሳድግ። የልጅነት ፍርሃት ከልጁ ጋር አብሮ ያድጋልና።