ስለ ትንንሾቹ ምስሎች፤ ስለ ጉድለታቸው አጠጋገንና ስለ ቀለማቸው

(በማኅበራችን የጋራ አዳራሽ ለነዋሪዎች የተደረገ ንግግር)




እኛ ከፊታችሁ የቆምነው ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በዚህ አዳራሽ የኋለኛ ክፍል ከልጆቻችሁ ጋር ትንንሽ ምስሎች የምንጠግንና የምንቀባ አምስት ሰዎች ነን። ባለፈው ስብሰባ ላይ «ይህ ነገር ይቁም» የሚል አሳብ መቅረቡን ታውቃላችሁ። ኮሚቴው ከመወሰኑ በፊት ሥራው ምን እንደ ሆነ እንድናስረዳ ጊዜ ሰጥቶናል። ስለዚህ የሆነውን ሁሉ፥ ጥፋታችንንም ጭምር፥ ሳንደብቅ እንናገራለን። ንግግሩም ላልመጡት እንዲደርስ በሰሌዳው ላይ ይለጠፋል።

ለመሆኑ እነዚህ ምስሎች ምንድን ናቸው? ቁመታቸው 28 ሚሊሜትር ያህል የሆነ፥ ከአውራ ጣት አንድ አንጓ የማይበልጡ ወታደሮች፥ ፈረሰኞችና የተረት ፍጥረቶች ናቸው። ተጫዋቾቹ በገበታ ላይ ያሰልፏቸዋል፤ ምን ያህል እንደሚራመዱ በሜትር ይለካሉ፤ ማን እንደ ተመታ ዳይስ ጥለው ያውቃሉ። ጨዋታው አዲስ አይደለም። እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች ጂ ዌልስ በ1913 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ ጨዋታ ሕግ መጽሐፍ ጽፎ ነበር። ልጆቻችን የሚያውቁት ግን በ1974 በአሜሪካ ከወጣው ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስና በ1983 በዚሁ በእንግሊዝ አገር ከወጣው ዋርሐመር የተከተለውን ነው። «ጣዖት ነው ወይ?» ብለው የጠየቁን እናት አሉ። አይደለም፤ ማንም አይሰግድለትም። እንዲያውም በጨዋታው መካከል ሲወድቅ እንደ ቼዝ ወታደር ተነሥቶ ወደ ሣጥን ይገባል።

አሁን ወደ ጥፋታችን እንምጣ።

ባለፈው ኅዳር አንድ ወዳጃችን ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የገዛውን ሣጥን ይዞልን መጣ። ከፍተን ስናይ የድሮ የመጫወቻ ወታደሮች ናቸው። ከነዚያ መካከል ጥቂቶቹ የእኛው ሰዎች ነበሩ! ዊልያም ብሪተን የተባለው የለንደን ሰው በ1893 የቀለጠ እርሳስ ወደ ፎርማ አፍስሶ፥ ዳር ዳሩ ሲረጋ መካከሉን መልሶ በማፍሰስ ውስጣቸው ባዶ የሆኑ ወታደሮች ማውጣት ጀምሮ ነበር። ብረቱ ስለሚቀንስ ዋጋቸው ረከሰ። የርሱ ኩባንያ ጣልያን ኢትዮጵያን በወረረችበት ዘመን ግድም የንጉሠ ነገሥቱን ክብር ዘበኞችና የኢትዮጵያ ተዋጊዎችንም አውጥቶ ነበር። እንግዲህ እነዚያ ናቸው እጃችን የገቡት። ቀለማቸው ረግፏል፤ የአንዱ ጠመንጃ ተሰብሯል፤ የሌላው እግር ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ወጥቶበታል። ደስታችን ወሰን አልነበረውም። ልጆቹን ሰብስበን «እስቲ እናድሳቸው» አልን፤ ሞረድና ብርጭቆ ወረቀት አደልናቸው። ገበታው ላይ ደግሞ ሻይና ዳቦ ነበረ።

አንዱ ልጅ ሁለቱን ወታደሮች በኪሱ ይዞ ቤቱ ገባ። የሁለት ዓመት እኅቱ አገኘቻቸው። እናቲቱ ከወጥ ቤት ሲመለሱ ልጅቱ የአንዱን ራስ በአፏ ይዛ፥ ከንፈሯ ግራጫ ሆኖ አገኟት። ወዲያው ለሐኪም ደወሉ፤ ደሟም ተመረመረ። በእንግሊዝ አገር የጤና ባለሥልጣኖች ለልጆች ጣልቃ የሚገቡበት መጠን በአንድ ዴሲሊትር ደም 5 ማይክሮግራም ነው፤ የልጅቱ ከዚያ በታች ሆኖ ተገኘ። እግዚአብሔር ይመስገን። ይሁን እንጂ ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ እናቲቱ ያሳለፉትን ሌሊት እኛ ነን ያመጣንባቸው። በራቸው ድረስ ሄደን ይቅርታ ጠይቀናል፤ ዛሬም በፊታችሁ እንጠይቃለን።

አንድ አባት በደግነት «አይ እናንተ፥ ልጁ ትምህርት ቤት እርሳስ ሲያኝክ ይውል የለም እንዴ?» ብለው ሊያጽናኑን ሞክረው ነበር። ይህ የቋንቋችን ጣጣ ስለ ሆነ ማስረዳት ያስፈልጋል። በአማርኛ የመጻፊያውንም ሆነ የከባዱን ብረት ስም እርሳስ እንላለን። የመጻፊያው እርሳስ ውስጡ ግራፋይት የሚባል የከሰል ዘመድ ነው፤ አይመርዝም። ብረቱ እርሳስ ግን መርዝ ነው። በይበልጥ የሚጎዳው ገና በማደግ ላይ ያለውን የሕፃን አእምሮ ሲሆን፥ የዓለም ጤና ድርጅትም ጉዳት እንደማያደርስ የታወቀ መጠን የለውም ይላል። ምልክቱም ቶሎ ላይታይ ይችላል፤ የሚታወቀው በደም ምርመራ ነው። እርሳሱን በእጅ መንካቱ ብዙ አይደለም ችግሩ፤ ችግሩ ከእጅ ወደ አፍ ሲሄድና ሲሞረድ የሚቦነው ዱቄት ነው። ያ በወታደሩ እግር ላይ ያየነው ነጭ ነገርም አቧራ አልነበረም። እርሳስ ከኦክ እንጨት ሣጥንና ከካርቶን በሚወጣ የኮምጣጤ ዓይነት ትነት ሲበላ የሚያወጣው የራሱ የእርሳስ ጨው ነው። እኛ ደግሞ በደረቅ የጥርስ ብሩሽ አራገፍነው! ባለማወቅ ነው፤ ግን አራገፍነው።

በዚህ ምክንያት ካለፈው ታኅሣሥ ጀምሮ የሚከተለውን ደንብ አውጥተናል። የድሮ ምስል ልጅ አይነካም። ዕድሜው ያልታወቀ፥ ከብዶ ጥቁር ግራጫ የሆነ፥ በጥፍር ሲጫኑት የሚላላና በነጭ ወረቀት ላይ ሲጎትቱት እንደ መጻፊያ እርሳስ የሚያሰምር ከሆነ እርሳስ ነው ብለን እንተወዋለን። ማስመሩ ጥርጣሬ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም፤ ቢሆንም ለመተው ጥርጣሬ ይበቃናል። በዚያ ገበታ ላይ ምግብም ሻይም አይቀርብም። ሲያበቃ ገበታው በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል እንጂ በመጥረጊያ አይጠረግም፤ ሁሉም እጁን በሳሙና ታጥቦ ይወጣል። ብረት ማቅለጥ ፈጽሞ የለም።

ታዲያ ልጆቹ አሁን የሚሠሩት በምንድን ነው? በፕላስቲክ፥ በሬዚንና እርሳስ በሌለበት የቆርቆሮ ቅይጥ ነው። እዚህ ላይ ስለ ሥራው ጥቂት ዘርዘር አድርገን እንናገር፤ «ጊዜ ማባከን ነው» ለተባለው መልሳችን ያው ሥራው ነውና።

ማንኛውም በፎርማ የወጣ ነገር ጉድለት አያጣም። የብረቱ ምስል የሚወጣው ሁለት ክብ የጎማ ፎርማዎች ተገጥመው በፍጥነት ሲሽከረከሩ፥ የቀለጠው ብረት ከመካከል ወደ ዳር እየተወረወረ ጉድጓዱን ስለሚሞላ ነው። ሁለቱ ፎርማዎች የተገናኙበት ቦታ በምስሉ ዙሪያ ቀጭን መስመር ይተዋል። በቤታችሁ ያለውን የፕላስቲክ ጆግ ጎኑን ዳብሱት፤ ያው መስመር አለ። ፎርማው ጠበቅ ካላለ ብረቱ ወደ ስንጥቁ ሾልኮ እንደ ክንፍ ይሣሣል። ፎርማው ከተንሸራተተ ደግሞ የምስሉ ግማሽ ፊት ወደ ላይ፥ ግማሹ ወደ ታች ይሆናል፤ ይህንን ማቃናት አድካሚ ስለ ሆነ ባንጀምረው ይሻላል። አየር መውጫ ካጣ ጣት ወይም የጦር ጫፍ ሳይሞላ ይቀራል። በሬዚን ላይ ደግሞ አረፋ ይቀርና የመርፌ ቀዳዳ የመሰሉ ጉድጓዶች ይታያሉ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ምስሉ ለብ ባለ ውኃና በሳሙና ይታጠባል፤ ከፎርማው እንዳይጣበቅ የተቀባው ቅባት ካልለቀቀ ቀለም አይዝም። ቀጥሎ መስመሩ በምላጭ ጀርባ ይፋቃል። በስለቱ አይደለም፤ ስለቱ ሥጋውን ቆርጦ ይወስዳል። ይህንን የሚሠሩት ከአሥራ ሁለት ዓመት በላይ የሆኑት ሲሆኑ፥ ከእኛ አንዱ ከአጠገባቸው አይለይም። የተጣመመ የሬዚን ሰይፍ በሙቅ ውኃ ተነክሮ ሲለሰልስ በእጅ ይቀናል፤ ከዚያ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲገባ እንደ ቀና ይቀራል። ሬዚን በደረቁ አይፈገፈግም፤ ብናኙ ለሳንባ ጠንቅ ስለ ሆነ ብርጭቆ ወረቀቱ ውኃ ይነከራል፤ አፍና አፍንጫም ይሸፈናል።

ይህንን የውኃ ነገር ከእኛ በፊት የሚያውቁ አንድ አባት አሉን። በአገር ቤት ለብዙ ዘመን የመኪና ቀለም ቀቢ ነበሩ። መጀመሪያ የመጡት የልጅ ልጃቸውን ለመውሰድ ሲሆን፥ በር ላይ ቆመው ትንሽ አዩና «ይኼማ ስቱኮና አንቲረስት ነው!» ብለው ኮታቸውን አወለቁ። ከዚያ ወዲህ ቀርተው አያውቁም። እውነታቸውን ነው፤ ሥራው የመከራ መኪና ጥገና ነው፤ መኪናዋ ብቻ ናት ያነሰችው። ለቀዳዳው የምንጠቀመው ስቱኮ ሁለት ዓይነት ሊጥ፥ ቢጫና ሰማያዊ፥ እኩል ተወስዶ አረንጓዴ እስኪሆን የሚታሽ ነው። ጣትና መሣሪያው በውኃ ካልረጠበ ይጣበቃል። በጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት ጫፍ ወደ ቀዳዳው ተጭኖ ዳሩ ይለሰልሳል፤ እስኪጠና ሰዓቶች ስለሚፈልግ እስከ ማግስቱ እንተወዋለን። ለመርፌ ቀዳዳ ጠብታ ሱፐር ግሉና ቁንጣሪ ቤኪንግ ሶዳ ይበቃል። ግን ወዲያው ድንጋይ ስለሚሆን ቶሎ መሞረድ ነው።

ልጆቹ ሁልጊዜ ወደ ቀለሙ ይቸኩላሉ። እኒያ አባት ግን አይለቋቸውም፤ «ቀለም ጉድፍ አይሸፍንም፤ ጉድፍ ያሳያል» እያሉ ምስሉን በመብራት ፊት ያዞሩባቸዋል። አንድ ቅዳሜ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጃገረድ አንዱን ፈረሰኛ አራት ጊዜ መልሰውባታል። አራተኛው ላይ ልታለቅስ ነበር። በአምስተኛው ዝም ብለው መነሻውን ቀለም ሰጧት።

መነሻው ቀለም የሚነፋው ከደጅ፥ ዝናብና ጭጋግ በሌለበት ቀን ነው፤ በእርጥበት ቀን ከተነፋ አሸዋ እንደ ተነዛበት ይሻክራል። በለንደን እንዲህ ያለ ቀን መጠበቅ ትዕግሥት ይጠይቃል። ዋናው ቀለም በውኃ ተቀጥኖ ሁለት ጊዜ በሥሡ ይቀባል፤ ወፍራም ቀለም አንድ ጊዜ ቢቀባ የፊቱን ቅርጽ ሞልቶ ይደመስሰዋል። ከደረቀ በኋላ ቀጭን ጥቁር ቡናማ ውኃ ሲፈስበት ወደ ጨርቁ እጥፋት ይወርድና ጥላ ይሠራል፤ ከፍ ከፍ ያለው ቦታ ደግሞ በደረቅ ብሩሽ ይነካካል።

የፊት ነገር ለብቻው መነገር አለበት። ልጆቻችን ያገኙት የመማሪያ ጽሑፍ «የሥጋ ቀለም» የሚለው ሐመር ሮዝ የሆነውን ነበር። አንዱ ትንሽ ልጅ «የእኛስ ሥጋ አይደለም?» አለን። እኛም መልስ ለመፈለግ ስድስት ቅዳሜ ያህል ፈጀብን። በመጀመሪያ ቡናማ ቀብተን ለማፍካት ነጭ ስንጨምርበት ፊቱ አመድ የነፋበት ይመስል ነበር። ኋላ የደረስንበት ይህ ነው፤ ጥቁር ቡናማ መደብ፥ በላዩ ቀላ ያለ ቀጭን ጥላ፥ ከዚያ በመደቡ ላይ በነጭ ፈንታ ጥቂት ብርቱካናማና ቢጫ አፈር የመሰለ ቀለም እየጨመሩ አፍንጫውን፥ ጉንጩንና ግንባሩን ብቻ መንካት። ያን ጊዜ ፊቱ ሕይወት ይዘራል። አሁን ልጆቹ በአንድ ሰልፍ ላይ የጠይሙን፥ የቀይ ዳማውንና የጥቁሩን ፊት ለይተው ይቀባሉ፤ አንዱንም አጎታቸውን እንዲመስል አድርገውታል፤ አጎትየው ግን አፍንጫው በዝቷል ብለው ቅር ብሏቸዋል።

ወጪውን በሚመለከት፥ ማኅበሩ ያወጣው ለመብራትና ለማሞቂያ ብቻ ነው። ቀለሙንና ስቱኮውን እኛው እናዋጣለን። ምስሎቹ ውድ ናቸው፤ ይህን አንክድም። ስለዚህ ጉድለት ኖሮባቸው የተጣሉትንና ሌሎች የሰለቿቸውን እየለመንን ነው የምንጠግነው። አዲስ ግዛልኝ ብሎ ያስቸገረ ልጅ ካለ እባካችሁ ንገሩን፤ ከእኛ አልሰማም።

የምንለምናችሁ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፥ በየቤታችሁ ከገበያ የተገዛ ወይም ከጎረቤት የተሰጠ የድሮ ወታደር ካለ ሳትነካኩት በፕላስቲክ ከረጢት ቋጥራችሁ ቅዳሜ ከስምንት ሰዓት በፊት፥ ልጆቹ ሳይመጡ አምጡልን፤ እናየዋለን። ትንሽ ልጅ በአፉ ያደረገው እንደ ሆነ ግን እኛን አትጠብቁ፤ ለሐኪም ደውሉ። ሁለተኛ፥ ያ የክብር ዘበኞቹ ሣጥን አሁን ከኮሚቴው ጸሐፊ ዘንድ ተቆልፎ ይገኛል። ከእኛ ሦስቱ ከመስተዋት በስተኋላ በዚህ አዳራሽ ይቀመጥ እንላለን፤ ሁለቱ ደግሞ ከሕንፃው ይውጣ ባዮች ናቸው። በመካከላችን ስላልተስማማን እናንተው ወስኑልን። የልጅቱ እናትም እዚህ ስላሉ መጀመሪያ የሚናገሩት እርሳቸው ቢሆኑ ደስ ይለናል።